የዋሱ ቅጂ

ሰበታ፣ መጋቢት 12 ቀን 2008 ዓ.ም.

ጋሼ ከድሩ፣ አንድ ሰው ከፍሎ ያስተማረው ሰው የራሱ የሚሆነው መቼ ነው? በሌላ ሰው ኪስ የተማረ ሁሉ ይህን አንድ ቀን ሳይጠይቅ አይቀርም። ሰላምታ ሳላስቀድም በጥያቄ መግባቴ ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ አሁን ላስተካክል። አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። አንቱ፣ እትዬ ረምዚያ፣ ልጅዎ ጁማናም፣ እንደምን ከርማችኋል? አላህ ጤና አያጓድልባችሁ፤ ወራቤን ሰላም ያድርጋት። እኛ ሰበታዎች መንገድ ሲከፈት እንሠራለን፣ ሲዘጋ ቁጭ ብለን እናወራለን። የአዲስ አበባው ማስተር ፕላን ቀርቷል ከተባለ ወዲህም ተቃውሞው አልበረደም።

መደወል ይቀለኝ ነበር። ግን «በስልክ የተባለ ነገር ንፋስ ነው፤ ቁም ነገር ካለህ ጽፈህ ላክ» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። የግምጃ ቤት ሰው ነዎት፣ ምን ይደረጋል። ደብዳቤውን ሾፌሩ አክመል በአይሱዙው ያደርስልዎታል።

ጋሼ፣ የፎጣ ፋብሪካውን ልለቅ ነው።

ባለቤቱ አቶ መኮንን ለምን እንዳስተማረኝ አሁን ገና ገባኝ። ለእንግዳ ሊያሳየኝ ነው። ዲግሪዬን በወርቃማ ፍሬም አስገብቶ እንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል፤ ኮፒውን እንዳይመስልዎ፣ ዋናውን ነው። በስተቀኝ የራሱ ፎቶ፣ በስተግራ የምስጉን ግብር ከፋይነት የምስክር ወረቀቱ፣ መሀል ላይ እኔ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ያስጠራኛል። «ይህን ልጅ ያስተማርኩት እኔ ነኝ» ይልና በሬ እንደሚሸጥ ሰው ጀርባዬን መታ መታ ያደርጋል። ባለፈው አንዱ እንግዳ ጥርሴን ከፍቶ ሊያይ የፈለገ መስሎኝ ነበር።

እንግዳው ሲሄድ ምን የምሠራ ይመስልዎታል? በኬሚስትሪ ተመርቄ ፎጣ አሸታለሁ። ወላሂ። «ላቦራቶሪ» የሚል የተጻፈበት በር አለን፤ ከውስጥ ያለው ሚስቱ ከቤት ያስወጣችው አሮጌ ሶፋ ነው። ከማቅለሚያው የወጣውን ፎጣ አፍንጫዬ ላይ አድርጌ፣ ከሸተተኝ «ይታጠብ»፣ ካልሸተተኝ «ይለፍ» እላለሁ። መሣሪያ ይገዛልኝ ብዬ ብጠይቀው፣ «እግዜር አፍንጫ ሰጠህ፣ እኔ ዲግሪ ጨመርኩልህ፣ ሌላ ምን ጎደለህ?» አለኝ።

ፎጣ የምታጥፈው ድንቅቱ በሳቅ ትሞታለች። የማቅለሚያው አዳራሽ የቆመው የአባቷ እርሻ በነበረው መሬት ላይ ነው። «ኦቦ ዛኪር፣ የኛን መሬት በካሬ ለክቶ ወሰደው፤ አንተን በምን ለካህ?» አለችኝ።

ሱሉልታ አንድ የታሸገ ውሃ ፋብሪካ የላቦራቶሪ ባለሙያ ይፈልጋል። አብራኝ የተማረችው ሩቲ እዚያ ነው የምትሠራው። እውነተኛ ላብ ነው ጋሼ፤ ሶፋ የለበትም። ውሌ ግን ገና ነው። አምስት ዓመት ላገለግል ፈርሜ ሁለቱን እንኳ አልሞላሁም። ጥዬ ብሄድ አቶ መኮንን ዋሴን ነው የሚይዘው፤ ዋሴ ደግሞ አንቱ ነዎት። አንቱ የአባቴ የአጎት ልጅ እንጂ የቅርብ ሥጋዬ አይደሉም፤ ግን ከዚያ ሁሉ ባለሱቅ ዘመድ መሀል በደመወዝ የሚኖሩት አንቱ ብቻ ነበሩ። እንግዲህ ወደ መሥሪያ ቤትዎ ደብዳቤ ቢመጣ አይደንግጡ። ቀስ ብዬ እከፍላለሁ። ፈቃድዎንና ምርቃትዎን ብቻ ይላኩልኝ።

አክባሪዎ ዛኪር

ወራቤ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለልጄ ለዛኪር፣

ወአለይኩሙ ሰላም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ዕድሜ ይስጥህ፣ ከክፉ ይጠብቅህ፣ ልብም ይስጥህ። ከሦስቱ አስቸኳዩ የመጨረሻው መሆኑን ከደብዳቤህ ተረድቻለሁ። እኛ ደኅና ነን። መልሴ የዘገየው አክመል ዓለም ገና ላይ መንገድ ተዘግቶበት ስለከረመ ነው።

እንደ በሬ አሳየኝ ትላለህ። በሬ የሚታየው ሲያርስ ነው፤ አንተ ምን አረስክ? አሽትት አለኝ ብለህ ክስ ትጽፋለህ። እኔ ጸጉሬ እስኪሸብት በዚህ ጤና ጽሕፈት ቤት የጓንትና የመርፌ ካርቶን ስቆጥር ኖሬያለሁ፤ እስካሁን ማንም ግድግዳ ላይ አልሰቀለኝም። ተሰቀልኩ ብሎ የሚያለቅስ ሰው በአንተ አየሁ።

ስትፈርም አጠገብህ ነበርኩ። «እስቲ ላንብበው» ስልህ ብዕሩን ከእጄ ነጥቀህ «አምስት ዓመት ምን አላት ጋሼ!» አልክ። እነዚያ ባለሱቅ አጎቶችህም ነበሩ። ሲያገኙኝ «ደመወዝተኛ፣ ወሩ አልደረሰም እንዴ?» እያሉ ሲስቁብኝ የኖሩ ሁሉ፣ ዋስ የተፈለገ ዕለት በግ ይዘው ደጄ መጡ። ፋብሪካው የሱቅ ፈቃድ አልቀበልም፣ የደመወዝ ሰው አምጡ ብሎ ነበርና። ፈረምኩልህ። በጉንም በላን፤ ከሲታ ነበር።

«ቀስ ብዬ እከፍላለሁ» ያልከውን ወድጄዋለሁ። ቀስ ማለቱን አምንሃለሁ።

አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ። የእኔ ስም ከዚያ ውል ላይ የሚወጣው መቼ ነው? ቀኑን ጻፍልኝ። ለምን አትበለኝ።

ከድሩ

ሰበታ፣ ሐምሌ 5 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለጋሼ ከድሩ፣

አሰላሙ አለይኩም። ኢዳችሁ በሰላም አለፈ? ለእኛ በሰላም አልፎልናል፤ አላህ ይመስገን። ቶሎ ያልመለስኩልዎ ደብዳቤዎን እያነበብኩ ስናደድ፣ ስናደድ ደግሞ መልሼ ሳነብ ቆይቼ ነው።

ለምን አትበለኝ ብለዋልና አልልም። ግን ይፍቀዱልኝ፤ ይሄ ፍርሃት ነው። አንድ ወረቀት ላይ ስምዎ ስላለ እንቅልፍ ያጣሉ። ዕድሜ ልክ ካርቶን የቆጠረ ሰው ዓለም ሁሉ ካርቶን ይመስለዋል። የእኔ ትውልድ እንደዚያ አይኖርም።

አቶ መኮንንን ፊት ለፊት ጠየቅሁት። ሱሉልታ ተቀብለውኛል፣ በስምምነት ይልቀቁኝ አልኩ፣ በአክብሮት። ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስቦ «ይኸው፣ የበላበትን ወጭት ሰባሪ!» አለኝ። ከዚያ ውሌ የተቀመጠበትን የቢሮውን ሳጥን በመዳፉ መትቶ «አንተ እዚህ ውስጥ ነህ፤ የት ትሄዳለህ?» አለ። ጋሼ፣ እኔ በዚያ ሳጥን ውስጥ አይደለሁም።

እንግዲህ የሚሻለው እንዲህ ነው። አንቱ ከፈሩ በአንቱ ምትክ ሌላ ዋስ ይፈልጉልኝ። ወራቤ በመንግሥት ሠራተኛ የተሞላች ከተማ ናት። አንዱን ጓደኛዎን ቢያስፈርሙልኝ እኔም አንቱም እንገላገላለን።

ዛኪር

ወራቤ፣ ነሐሴ 3 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለዛኪር፣

ወአለይኩሙ ሰላም። አላህ አንደበትህን ያርቅልህ።

ዋስ እንደ ሽንኩርት በአክመል መኪና ተጭኖ አይመጣም። የማያውቅህ ሰው አይፈርምልህም፤ የሚያውቅህማ ጭራሽ አይፈርምም። የፈረምኩት እኔ ነኝ፣ እኔም ተጸጽቼ ጨርሻለሁ።

ቀኑን ጻፍልኝ ብዬህ ነበር። አልጻፍክም። ሁለተኛ ጊዜ መጠየቄ ነው። ሦስተኛ አልጠይቅህም።

ከድሩ

ቡራዩ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2009 ዓ.ም.

ውድ ጋሼ ከድሩ፣

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ፣ ከወትሮው በረዘመ ፍቅር። ለሁላችሁም፣ ለእትዬ ረምዚያ፣ ለጁማና፣ ለጎረቤትም ጭምር ሰላምታዬ ይድረስ።

ሬዲዮ ሰምታችሁ ይሆናል። ፋብሪካችን መስከረም ሊያልቅ ሲል በተቃውሞው ተቃጠለ። ሰው አልተጎዳም፤ አልሐምዱሊላህ። ከዚያ ወዲህ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ነው። ኢንተርኔት የለም፣ መንገዱ ሁሉ ፍተሻ ነው። እኔ ቡራዩ፣ ገፈርሳ አጠገብ፣ ጓደኛዬ ዘንድ ተጠግቻለሁ።

እሳቱን ከሩቅ ቆሜ አየሁት። የማቅለሚያው በርሜሎች ሲፈነዱ ጭሱ አንዴ አረንጓዴ፣ አንዴ ወይን ጠጅ ሆነ። ይህ ፋብሪካ አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ያለ ቀለም አውጥቶ አያውቅም። አጠገቤ ለነበረችው ለድንቅቱ «ነፃ ወጣሁ!» አልኳት። «አንተ ነፃ ወጣህ፣ እኔ ሥራ ፈታሁ፣ የአባቴ መሬትም አመድ ለበሰ» አለችኝና ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሄደች። እሷ ሁልጊዜ ነገር ማበላሸት ትወዳለች።

ጋሼ፣ የአቶ መኮንን ሳጥን ነደደ! ውሉ ነደደ! የእኔም ቅጂ ልብስ መቀየሪያ ሳጥኔ ውስጥ ነበር፣ እሱም ነደደ። ሦስት ቅጂ እንደፈረምን ያስታውሳሉ፤ አንዱ ለአሠሪ፣ አንዱ ለሠራተኛ፣ አንዱ ለዋስ። አሁን በዓለም ላይ የቀረው የአንቱ ብቻ ነው። በአንድ ጀልባ ላይ ነን ያለነው፦ ያ ወረቀት ከሌለ እኔም የማንም አይደለሁም፣ አንቱም የማንም ዋስ አይደሉም። ስሜ መቼ ይወጣል ብለው ሲጨቀጭቁኝ ነበር፤ ይኸው፣ ዛሬ!

ያቃጥሉት። አንድ ክብሪት ነው። ሱሉልታ በሚቀጥለው ወር ጀምር ብለውኛል። «አቃጠልኩት» የምትል አንዲት ቃል ብቻ ይላኩልኝ።

ልጅዎ ዛኪር

ወራቤ፣ ኅዳር 17 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለዛኪር፣

ወአለይኩሙ ሰላም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። ከእሳት ስላወጣህ አላህ ይመስገን። ሰላምታህ ረዝሞ ሳይ ነገር እንደፈለግህ ገብቶኛል።

ገጽ ሙሉ ስለ ውሉ መቃጠል ጻፍክልኝ። እስቲ ልጠይቅህ፤ ዲግሪህ የት ነበር የተሰቀለው? ያው ግድግዳ ላይ አይደለም? ዋናው ነው ብለህ ራስህ ጽፈኽልኛል። የተቃጠለውን ስትቆጥር ዕዳህን ብቻ ቆጠርክ፣ ንብረትህን ረሳህ። እንዲህ የሚቆጥር ሰው በእኔ ግምጃ ቤት አንድ ሳምንት አይሰነብትም። ካርቶን ብቻ ነው የሚያውቁት ላልከኝ መልሴ ይኸው ነው።

ደግሞም ሌላው ባነደደው እሳት ላይ የራስህን ድስት ጣድክ። እነዚያ ልጆች መሬታችን ብለው የሚጮሁት አላቸው፤ ትክክል ይሁኑ አይሁኑ አላህ ይፍረድ። አንተ ግን የተወሰደብህ ነገር የለም። የተሰጠህን ነው የካድከው።

እኔ የፈረምኩበትን ወረቀት አላቃጥልም። በአቶ መኮንን ፍቅር እንዳይመስልህ፤ ሰውየው ከጻፍክልኝ ግማሹን ያህል እንኳ ከሆነ ንቄዋለሁ። ቅጂውን በዚህ ፖስታ ልኬልሃለሁ። ማቃጠል ካማረህ ክብሪቱም እጁም የራስህ ይሁን። ከእንግዲህ በእኔ ዘንድ ወረቀት የለም። አቶ መኮንን መጥቶ «ፈርመሃል?» ቢለኝ ግን «አዎ» እለዋለሁ።

ከድሩ

(በሌላ እጅ ጽሑፍ፣ ከገጹ ግርጌ)

ዛኪር፣ ጁማና ነኝ። አባባ ፖስታውን አሽጊው ብሎኝ ለሶላት ተነሥቷል፤ አጭር ነው የምጽፈው። የባንክ ፈተና ሁለት ጊዜ አለፍኩ፣ ሁለት ጊዜም ዋስ አጣሁ። ባንኩ የሚቀበለው ለሌላ ሰው ዋስ ያልሆነ ደመወዝተኛ ብቻ ነው። በዘመዶቻችን ውስጥ ስንት ደመወዝተኛ እንዳለ ታውቀዋለህ። አባባም ለአንተ ተይዟል። «ለምን አትበለኝ» ያለህ ለዚህ ነው። ከኩራቱ የተነሣ እሱ አይነግርህም፤ እኔም እንዳልነግርህ አስምሎኛል። ስለዚህ ምንም አልነገርኩህም።

ወረቀቱን ቢያቃጥለው እኔም ዋስ አገኝ ነበር። «ልጄን በሐሰት አላስቀጥርም» አለ። ባንኩ «ዋስ ሆነህ ታውቃለህ?» ብሎ ይጠይቀዋላ! አንተ ፎጣ ማሽተት ከበደህ። እኔ ቤት ቁጭ ብዬ ዲግሪዬን አሸታለሁ። አካውንቲንግ ነው፤ ጠይቀህ አታውቅም።

ሦስተኛ ዙር ፈተና ጥር ላይ ነው።

ሰበታ፣ ጥር 11 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለክቡር ጋሼ ከድሩ፣

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ለአንቱና ለቤትዎ ሰላሙን ያውርድ። በመጀመሪያ፣ ከደብዳቤዎ ግርጌ ምንም ያነበብኩት ነገር የለም። ማንም ምንም አልነገረኝም። ይህ ይታወቅልኝ።

ወረቀቱን ይዤ ገፈርሳ ግድቡ ዳር ተቀመጥኩ። ክብሪትም ገዝቼ ነበር፤ አልዋሽዎትም። አንዱን ጫርኩት፣ ነፋሱ አጠፋው። ሁለተኛውን ጣቴን እስኪነካኝ ይዤው ቆየሁ። ከዚያ ፓኬቱን ውሃ ወረወርኩትና ሰበታ ገባሁ።

አቶ መኮንን አመዱ መሀል ኮንቴይነር አስቀምጦ ቢሮ ብሎታል። ከኢንሹራንስ የመጣ ሰው አጠገቡ ተቀምጦ ነበር። ሲያየኝ ዕድሉ አላመለጠውም። «ይህን ልጅ ያስተማርኩት እኔ ነኝ» አለው፣ «እሳቱ ሲነሣ መጀመሪያ የጠፋው ንብረቴም እሱ ነው!» ሰውየው ሳቀ።

«አልጠፋሁም» አልኩ። «ውሉን ይዤ መጥቻለሁ።»

«የቱን ውል?»

«የዋሴን ቅጂ።»

እጁን ዘረጋ። አልሰጠሁትም። «መጀመሪያ ሁለት ደብዳቤ ይጻፉልኝ። አንደኛው፣ አቶ ከድሩ ከዛሬ ጀምሮ ከዋስትና ነፃ መሆናቸውን። ሁለተኛው፣ ዲግሪዬ የእርስዎ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ መቃጠሉን፤ ምትክ የማወጣበት።»

«አንተስ?»

«እኔ እስከ ሰኔ እዚሁ ነኝ። አዲስ ማሽን ሲገባ ማቅለሚያውን አስተክላለሁ። ሰኔ ላይ መልቀቂያ ይሰጡኛል።»

«ያለ ዋስ? እኔ ዋስ የሌለው ሰው አላምንም።»

«ዋስ እያለኝስ መቼ አመኑኝ? ከአሮጌ ሶፋ ጋር ቆልፈውብኝ አይደል የኖሩት?» አልኩት። «ይህን ወረቀት ማቃጠል እችል ነበር እኮ። ይዤልዎት የመጣሁት ማን አስገድዶኝ ነው?»

የኢንሹራንሱ ሰው ጉሮሮውን ጠረገና «አቶ መኮንን፣ ልጁ ለመፈረሙ ከዚህ ሌላ ማስረጃ አለዎት?» አለው። የለውም። «ወጭት ሰባሪ» አለኝ፤ ግን ወረቀት ሳበ። ጽፎ ሲጨርስ ከኮቱ ኪስ በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። ማኅተሙ ነው! ጋሼ፣ ከዚያ ሁሉ ንብረት መሀል ሮጦ ያወጣው ማኅተሙን ብቻ ነው። የቀለሙ ስፖንጅ ስለተቃጠለበት በአፉ ሃ... ብሎ ተነፈሰበትና ወረቀቱ ላይ መታው። የፎጣ ፋብሪካ ጌታ፣ ቀለም አጥቶ በትንፋሹ ሲያትም አየሁት። ዲግሪዬ የተቃጠለበትን ዋጋ ግማሹን በዚያች ደቂቃ አገኘሁ።

ውሉን ተቀብሎ ምን እንዳደረገው ያውቃሉ? ሚስማር ፈልጎ ኮንቴይነሩ ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ግድግዳ ሲያገኝ አያስችለውም።

ከትናንት ጀምሮ አመድ እያስጠረግሁ ነው። ድንቅቱንም በቀን ሥራ አስጠራኋት። አካፋዋን ይዛ መጣችና «ኦቦ ዛኪር፣ ነፃ ወጣህ ብዬ ነበር» አለችኝ። አካፋ አንሥቼ አብሬያት ጠረግሁ። የሱሉልታው ቦታ በሌላ ሰው ተይዟል፤ ሩቲ ግን ክረምት ላይ ሌላ ይከፈታል ብላኛለች። ካልተከፈተም ኢትዮጵያ ውስጥ ውሃ የሚያሽግ እሱ ብቻ አይደለም። ተስፋ የቆረጥኩ እንዳይመስላችሁ።

የነፃነትዎ ደብዳቤ አብሮ አለ። ማኅተሙ ደብዘዝ ያለ ነው፤ ብርሃን ላይ ይዘው ቢያዩት ይነበባል። ቀኑን ጻፍልኝ ብለው ሁለት ጊዜ ጠይቀውኝ ነበር። ቀኑ ጥር 9 ነው። ለማን እንደሚያስፈልግ አላውቅም፤ አልጠይቅምም።

አንድ ጉዳይ ብቻ ቀረኝ። ሱሉልታም ዋስ ይጠይቃል፤ እሱም የደመወዝ ሰው ብቻ ነው የሚቀበለው። የሰበታ ዘመዶቻችን እንደሚያውቋቸው ሁሉም ባለሱቅ ናቸው። አንቱን ደግሞ ሁለተኛ አልጠይቅም፤ በጉም ከሲታ ነበር ብለውኛል። ነገር ግን እስከ ክረምት ድረስ በቤተሰባችን አንድ አዲስ ደመወዝተኛ ልትገኝ እንደምትችል ልቤ ነግሮኛል። እስቲ ጁማናን ይጠይቁልኝ፤ ትፈርምልኛለች? ከመፈረሟ በፊት ውሉን ሙሉውን ታንብበው፤ ብዕሩን አልነጥቃትም። መልሷ «አይሆንም» ከሆነም ስልክ አትደውል። በእጇ ጽፋ ትላክልኝ። አክመል ሐሙስ ወደዚህ ይመለሳል።

አክባሪዎ ዛኪር